የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስና የእናቶቻችን እንዝርት
(ለስግድ በዓል በሬዲዮ ከተላለፈ የቄስ ንግግር)

ዛሬ ነጭ ልብሳችንን ለብሰን በምንሰበሰብበት ቀን ስለ አንድ የጥንት ቀሚስ ጥቂት እናገራለሁ።

በለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ይገኛል። እቴጌይቱ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። እቴጌይቱም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በወሩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ቀሚሳቸው ግን ባሕር ተሻግሮ በ1869 ወደ ሙዚየሙ ገባ።

ቀሚሱ የጥጥ ሸማ ነው፤ ጥልፉም በሐር ክር ነው። ጥጡ የአገር ምርት ሲሆን ሐር በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ ይመጣ ነበር።

እንዲህ ያለው ሸማ እንዴት እንደሚሠራ እናንተ ታውቃላችሁ። ጥጡ በመዳመጫ ብረት ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶውም በእንዝርት ይፈተላል። ይህ የእናቶቻችን ድካም ነበር። ከዚያ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ በድሩ መካከል ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። ሸማው በጠባቡ ስለሚወጣ ቁራጩ ከቁራጩ ጎን ለጎን በመርፌ ይገጠማል፤ ለኩታ ሁለት፣ ለጋቢ አራት ሆኖ ይደረባል። ርስት ለተከለከሉት አባቶቻችን ሽመናው፣ እንደ ብረት ሥራውና እንደ ሸክላው ሁሉ፣ የዕለት እንጀራቸው ነበር።

የእቴጌይቱ ስም ከቀሚሱ ጋር ተጽፎ ቆይቷል። የፈታይዋና የሸማኔው ስም ግን አልደረሰን። ኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ ሥራ ሲናገር ጥበበኛውን ባስልኤልን በስሙ ይጠራዋል፤ በእጃቸው የፈተሉትንም ሴቶች አልዘነጋም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሱዳን በረሃ በእግር የመጣችሁም፣ በ1991 በአውሮፕላን የመጣችሁም፣ በሣጥናችሁ ያለውን ነጠላ ለልጅ ልጆቻችሁ አውጡላቸው። ማን እንደ ፈተለችው፣ ማን እንደ ሠራው፣ መንደሩም የት እንደ ነበረ ንገሯቸው። በዕብራይስጥም ቢሆን ይጻፉት። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ እየተለዩን ነውና ለከርሞ አናቆየው።

እግዚአብሔር ጸሎታችንን ይቀበልልን፤ ለከርሞው ስግድ በጤና ያድርሰን። አሜን።