ያልተቃጠለው ብራና

ስለ ጥንት ዘመን የሚናገር የመጽሐፍ ሽፋን፣ የቀን መቁጠሪያ ወይም የአዳራሽ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄድባት አንዲት ዘዴ አለች። መካከሉ የወየበ፣ ዳሩ በእሳት የተለበለበ ወረቀት ይሥላል፤ ጽሑፉንም ከፊሉን አስበልቶ ከፊሉን ያሳያል። ነገሩ ስለ መቅደላ ሲሆንማ ዘዴይቱ የግድ ትመስላለች፤ መቅደላ ተቃጥላለችና። እኔም በኮምፒዩተር ሥዕል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ዘዴይቱን አልንቃትም። ከታሪኩ ጋር ሳስተያያት ግን ይህች የተለበለበች ዳር ስለ መቅደላ መጻሕፍት እውነቱን አትናገርም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ በወጣው በፎቶሾፕም ሆነ በመሰሎቹ፣ በመጀመሪያ የወየበ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ዳሩ «ላሶ» በሚባለው መሣሪያ ወጣ ገባ እየተደረገ ይቆረጣል። ከዚያም ዳሩን ተከትሎ ከውጭ ወደ ውስጥ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት፣ በመጨረሻም ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ይቀባል። የማጥቆሪያው መሣሪያ ስም «በርን»፣ ማቃጠል ማለት ነው። ስሙ የመጣው ግን ከፎቶግራፍ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ነው፤ የፎቶውን አንድ ወገን ተጨማሪ ብርሃን አስመትቶ ማጥቆር እንዲሁ ይባል ነበር። ፊደሎቹ ለብቻቸው በሌላ «ሌየር» ላይ ይጻፉና ከወረቀቱ ጋር እንዲዋሐዱ ይደረጋል፤ ጫፋቸውም እሳት የበላቸው እንዲመስል ይሸራረፋል።

ይህ ሁሉ ለወረቀት ያምራል። የመቅደላ መጻሕፍት ግን የተጻፉት በብራና ላይ ነው። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ እሳት ሲቀርበው እንደ ወረቀት ከዳር ጀምሮ በእርጋታ አይጠቁርም። ይኮማተራል፣ ይጨማደዳል፣ ይጠቀለላል። መስመሩ ይጣመማል፤ ፊደሉም ከቆዳው ጋር አብሮ ይሸበሸባል። የደብተሮቻችን ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ጥላሸትና ከሰል ነው፤ ስለዚህ እንደ ጥንቱ የአውሮፓ የብረት ቀለም በዘመን ብዛት ወደ ቡና ዓይነት አይለወጥም። በኮምፒዩተር የሚቀባው ቡና ዓይነት ፊደል የሰው አገር እርጅና ነው።

የተቃጠለ ብራና በእርግጥ ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ሰው የእንግሊዞችን መጻሕፍት ይመልከት። የኮተን ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ስብስባቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1731 ለንደን ውስጥ እሳት ደረሰበት። «ቤዎልፍ» የተባለው ጥንታዊ ግጥማቸው የተጻፈበት ብራና ዳሩ ተለበለበ፤ ከዚያም እየተፈረፈረ ፊደል ይጎድልበት ጀመር። በኋላ ጊዜ እያንዳንዱ ቅጠል በወረቀት ክፈፍ ውስጥ እንዲገባ የተደረገው የቀረውን ለማዳን ነው። ይህ መጽሐፍ ዛሬ የሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከመቅደላ የተወሰዱት ብዙዎቹ መጻሕፍትም የሚገኙት በዚያው ቤት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እሳት የበላው ብራና የራሳቸው የእንግሊዞቹ ሆኖ ተቀምጧል።

የእኛዎቹስ እንዴት እዚያ ደረሱ? አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አሰባሰቡም ሁሉ በበጎ አልነበረም፤ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሀብት ነበሩ፤ ጎንደርንም በ1859 ዓ.ም. ያቃጠሏት ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባዋ ስትያዝ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ወዲያው ዘረፋው ተጀመረ። እሳቱ የተለቀቀው ግን ሚያዝያ 10 ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም አልማረም። በዝርፊያና በቃጠሎ መካከል አራት ቀን አለ። መጻሕፍቱን ያዳነውም ያሳጣንም ይኸው አራት ቀን ነው።

ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሩ ሊከፋፈል ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ጦሩን ተከትሎ መጥቶ ነበርና ዋነኛው ገዢ እርሱ ሆነ። ከመጻሕፍቱ ከፊሉ በመመለሻው መንገድ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ላይ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ 350 ያህሉ ሙዚየሙ ገባ። በ1864 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው ሙዚየሙ በእጁ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። አፄ ዮሐንስ መጽሐፉ ተቃጥሏል ብለው ቢያምኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉ ነበር።

የተለበለበች ዳር ከጌጥነት የምታልፈውም እዚህ ላይ ነው። የተቃጠለ ነገር ይለቀስለታል እንጂ አይጠየቅም፤ እሳት ባለዕዳ የለውም። የተወሰደ ነገር ግን ወሳጅ አለው፣ ቀን አለው፣ የተቀመጠበት መደርደሪያና የተመዘገበበት ቁጥር አለው። በመቅደላ መጽሐፍ ላይ እሳት ስንቀባ ባለመብቱን አልቃሽ እናደርገዋለን፤ ወሳጁን ደግሞ ከእሳት ያዳነ ባለውለታ እናስመስለዋለን። እሳቱን የለቀቀው ግን መጻሕፍቱን የወሰደው ያው ጦር ነው።

የሙያ ጓደኞቼ ዘዴይቱን ይተዉ ማለቴ አይደለም። የተቃጠለ ብራና መሣል የፈለገ ቡናማውን ቀለም ቀነስ ያድርግና ቅጠሉን ይጨምድድ፤ መስመሩን ያጣም፤ ፊደሉን ጥቁር ይተወው። የጎንደርን ቃጠሎ የሚሥል ይህ ይበጀዋል። ከመቅደላ የተወሰደውን መጽሐፍ የሚሥል ግን ዳሩን አይንካው። ሙሉ ቅጠል፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ አጠገቡም የሙዚየም ማኅተም ይሣል። የሚያየው ሰው «ማን ወሰደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው።