የጦር ሰፈሮች መዘጋትና የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች ዝግጅት

በአሜሪካ አንድ የጦር ሰፈር እንዲዘጋ ወይም እንዲቆይ የመወሰን ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ሰፈሩ የሚገኝበት ግዛት ምክር ቤት በውሳኔው ላይ ድምፅ የለውም። ይሁን እንጂ ሰፈሩ ሲዘጋ ሥራቸውን የሚያጡ ነዋሪዎች፣ ተማሪዎቻቸው የሚቀንሱባቸው ትምህርት ቤቶችና ገቢያቸው የሚያሽቆለቁል ከተሞች ጉዳይ በቀዳሚነት የሚወድቀው በግዛቱ ላይ ነው። በመሆኑም የበርካታ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች ሥልጣናቸው በሚፈቅደው መስክ ሁሉ አስቀድመው ይዘጋጃሉ።

የጦር ሰፈሮችን የመዝጋትና መልሶ የማደራጀት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ2005 በአምስት ዙር ተካሂዷል። በ2005ቱ ዙር የመከላከያ ሚኒስትሩ ያቀረቡትን ዝርዝር ዘጠኝ አባላት ያሉት ገለልተኛ ኮሚሽን መርምሮ ለፕሬዚዳንቱ አቅርቧል። ኮንግረሱ ዝርዝሩን በሙሉ ከመቀበል ወይም በሙሉ ውድቅ ከማድረግ በቀር አንድን ሰፈር ለይቶ ማውጣት አይችልም። የአሠራሩ ዓላማ እያንዳንዱ ተመራጭ ለአካባቢው ሰፈር የሚያደርገውን ሙግት ለመገደብ ነው።

ዝርዝሩ ግንቦት ወር ላይ ይፋ ሆኖ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው በመስከረም መጀመሪያ በመሆኑ፣ ለክርክር የቀረው ጊዜ ከአራት ወራት ያነሰ ነበር። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ዝግጅት ለሚጀምር ግዛት ጊዜው በቂ አይደለም።

ግዛቶች ተጽዕኖ ማሳደር ከሚችሉባቸው ጉዳዮች ዋነኛው የመሬት አጠቃቀም ነው። ለምርጫ ቅድሚያ የሚሰጠው ወታደራዊ ጠቀሜታ ሲሆን፣ የመሬትና የአየር ክልል ሁኔታ ከመመዘኛዎቹ መካከል ይገኛል። በቨርጂኒያ ግዛት በኦሺያና የባሕር ኃይል አየር ሰፈር ዙሪያ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ተቋማት በመስፋፋታቸው፣ ኮሚሽኑ ግዛቱና ከተሞቹ እስከ መጋቢት ወር 2006 መጨረሻ እርምጃ እንዲወስዱ፣ ካልሆነ ግን ተዋጊ ጄቶቹ ወደ ፍሎሪዳ ሊዛወሩ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። የግዛቱ ምክር ቤትና የቨርጂኒያ ቢች ከተማ ግንባታን የሚገድብ ደንብ አውጥተው ለመሬት ግዥ በጀት መደቡ፤ ጄቶቹም በዚያው ቆዩ። የአሪዞና ሕግም በወታደራዊ አየር ማረፊያዎች አቅራቢያ የሚገኙ አስተዳደሮች የመሬት ዕቅዳቸውን ከበረራው ድምፅና ከአደጋ ስጋት ጋር እንዲያጣጥሙ ያስገድዳል።

ሁለተኛው መስክ የገንዘብ አቅርቦት ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2003 የወታደራዊ ዝግጁነት ኮሚሽን አቋቁሟል። በዚያው ዓመት የግዛቱ መራጮች ሰፈር ላለባቸው አካባቢዎች ብድር የሚውል እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቦንድ እንዲሸጥ የሚፈቅድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቀዋል። በደቡብ ዳኮታ በ2005 የመዘጋት ሐሳብ ቀርቦበት በኮሚሽኑ ውሳኔ የተረፈውን የኤልስወርዝ አየር ኃይል ሰፈር ለመደገፍ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በ2009 ራሱን የቻለ የልማት ባለሥልጣን መሥርቷል። ሰፈሩ ከዓመታት በኋላ የቢ-21 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የመጀመሪያ ማዕከል ሆኖ ተመርጧል።

ሦስተኛው መስክ መዘጋቱ የማይቀር በሚሆንበት ጊዜ የሚያስፈልገው ተቋም ነው። በሜይን ግዛት የሎሪንግ አየር ኃይል ሰፈር በ1994 ሲዘጋ፣ ሰፈሩ ይገኝባት የነበረችው ላይምስቶን በ1990 ወደ 10 ሺህ የሚጠጋው ነዋሪዋ በ2000 ከ2 ሺህ 400 በታች ወርዷል። የግዛቱ ምክር ቤት ንብረቱን ተረክቦ የሚያለማ ባለሥልጣን ያቋቋመው ሰፈሩ ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ በ1993 ነበር። በ2005 የዚያው ግዛት የፖርትስመዝ የመርከብ ጥገና ጣቢያ ሲተርፍ የብረንስዊክ የባሕር ኃይል አየር ሰፈር በ2011 ተዘግቷል። ቦታውም በተመሳሳይ ባለሥልጣን አማካይነት የንግድ ቀጣናና የሲቪል አየር ማረፊያ ሆኗል።

ከ2005 ወዲህ የመከላከያ ሚኒስቴሩ በተደጋጋሚ ጥያቄ ቢያቀርብም ኮንግረሱ አዲስ ዙር አልፈቀደም። የ2005ቱ ዙር ወጪ አስቀድሞ ከተገመተው 21 ቢሊዮን ዶላር ወደ 35 ቢሊዮን ዶላር ማሻቀቡ የኮንግረስ አባላትን ጥርጣሬ ካጠናከሩት ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳል።

ያም ሆኖ የግዛቶቹ ተሞክሮ እንደሚያመለክተው፣ ውሳኔው በእጃቸው ባይሆንም መሬቱን፣ በጀቱንና ከመዘጋት በኋላ የሚያስፈልገውን ተቋም የማዘጋጀት ኃላፊነት የሕግ አውጪዎቹ ነው። ኃላፊነቱንም ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት መወጣት ይጠበቅባቸዋል።