ደሴ በጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች፦ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም.

መግቢያ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የዚያን ዕለት ታሪክ በአብዛኛው የምናውቀው ከአውሮፓ ጋዜጠኞች ዘገባና ከዲፕሎማቶች ደብዳቤ ነው። ይሁን እንጂ ስለዚህ ጦርነት በየሳምንቱ የጻፈ፣ አንባቢዎቹም እንደ ራሳቸው ጉዳት የተቀበሉት ሌላ ፕሬስ ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያን ፕሬስ። ይህን ፕሬስ ከኢትዮጵያ ጋር ካስተሳሰሩት ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት ደግሞ የወሎው ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የ1928ቱ የደሴ ታሪክ እነዚህ ጋዜጦች ሳይነበቡ ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በጋዜጦቹ ዘንድ የተጻፈላት ብቻ ሳትሆን የጻፈችም ነበረች። ጽሑፉ በቅድሚያ ፕሬሱ የበቀለበትን አፈር ያሳያል፤ ቀጥሎ የጦርነቱ ዜና የተጓዘበትን መንገድ ይከተላል፤ በመጨረሻም የጋዜጦቹን የታሪክ ምንጭነት ይመዝናል።

በደቡብ የተፈተነ ፕሬስ

የመጀመሪያው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ «ፍሪደምስ ጆርናል» በኒው ዮርክ በ1827 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ባርነት ገና ሕጋዊ ነበር፤ በበርካታ የደቡብ ግዛቶችም ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ የሚያስቀጣ ሆነ። በደቡብ የጥቁሮች ጋዜጣ ብቅ ያለው በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በ1862 እ.ኤ.አ.፣ በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነበር። «ሉኒዮን» የተባለው ይህ ጋዜጣ የጀመረው በፈረንሳይኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የተተካው «ኒው ኦርሊንስ ትሪቢዩን» በየቀኑ የሚወጣ የመጀመሪያው የጥቁሮች ጋዜጣ ለመሆን በቃ።

ባርነት ከተሻረ በኋላም በደቡብ ጋዜጣ ማሳተም በሕይወት መወራረድ ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ሦስት ጥቁር ነጋዴዎች በመንጋ ፍርድ ተገደሉ። የ«ፍሪ ስፒች» ጋዜጣ አዘጋጅና የጋዜጣው ባለድርሻ የነበሩት አይዳ ቢ. ዌልስ ግድያውን በጽሑፍ አጋለጡ። የነጮች መንጋ ከተማ ውስጥ ያልነበሩትን አዘጋጇን ሊያገኝ ባይችልም የጋዜጣውን ቢሮና ማተሚያ አወደመ። ዌልስም ወደ ሜምፊስ መመለስ አልቻሉም፤ ትግላቸውን በሰሜን ሆነው ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ ጠንካራ ጋዜጦች መቀመጫቸውን በሰሜን አድርገው ለደቡብ አንባቢም መጻፍ ያዙ። የጆርጂያው ተወላጅ ሮበርት አቦት በ1905 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመሠረቱት «ቺካጎ ዲፌንደር» ጥሩ ምሳሌ ነው። ጋዜጣውን ወደ ደቡብ ያደርሱ ከነበሩት መካከል የባቡር አስተናጋጆች ሆነው የሚሠሩ ጥቁሮች ይገኙበታል፤ ጥቅሉን በባቡሩ ይዘው ሄደው በየጣቢያው ለተቀባዮች ያስረክባሉ። አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በፀጉር ቤትና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ፊደል ላልቆጠረው ጮክ ተብሎ ይነበባል። በደቡብም ቢሆን እንደ ጆርጂያው «አትላንታ ዴይሊ ወርልድ» እና እንደ ቨርጂኒያው «ኖርፎክ ጆርናል ኤንድ ጋይድ» ያሉ ጋዜጦች ጸንተው ቆይተዋል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የጠበቃት እንግዲህ ይህ ፕሬስ ነው፦ በገዛ አገሩ መንጋ ማተሚያውን ያፈረሰበት፣ የግፍን ዜና ለመለየት ማንም ሊያስተምረው የማያሻው።

ደሴ፣ ኅዳር 1928

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ከተማዋ በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የሚተዳደረው የወሎ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከመሆኗም በላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ቀደም ሲል የኢጣሊያ ቆንስላ በነበረው ግቢ ነበር። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸው በከተማዋ ሰፈሩ።

የኅዳር 26ቱ ድብደባ ጎጆዎችን ያጋየ ተቀጣጣይ ቦምብ ጭምር የተጣለበት ነበር። ቀይ መስቀል በግልጽ የተሳለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ሐኪሞችና ጋዜጠኞች በዓይናቸው ያዩትን በጽሑፍ አረጋግጠው ፈረሙ፤ አቤቱታውም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቀረበ። ማኅበሩ ግን ድብደባውን የሚያስቆም እርምጃ አልወሰደም። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ደሴ ገባ።

ዜናው የተጓዘበት መንገድ

ጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች በየጦር ግንባሩ ዘጋቢ የሚያቆሙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ይህን ክፍተት ይሞላ የነበረው ክላውድ ባርኔት በ1919 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ያቋቋሙት የዜና ድርጅት ነው። «አሶሺዬትድ ኒግሮ ፕሬስ» የተባለው ይህ ድርጅት ዜናውን አባዝቶ በፖስታ ለየጋዜጦቹ ይልክ ነበር። ባርኔት ከዶክተር መላኩ ጋር ካገናኟቸው ሰዎች አንዱ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ሮቢንሰን ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ በገልፍፖርት ከተማ አድገው በአላባማው ተስኪጊ ተቋም የተማሩ የደቡብ ልጅ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የኮሎኔልነት ማዕርግ አገኙ፤ መሣሪያ ባልታጠቁ አውሮፕላኖች በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል መልእክትና ሰው አመላለሱ። ጦርነቱ ሲጀመር የዓድዋን መደብደብ በቦታው ተገኝተው አይተዋል። ለባርኔት ይጽፏቸው የነበሩት ደብዳቤዎች ለጋዜጦቹ የዓይን ምስክር ዜና ሆነው አገልግለዋል።

«ፒትስበርግ ኩሪየር» በበኩሉ ጃማይካ የተወለዱትን የታሪክ ጸሐፊ ጆኤል ኦገስተስ ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሮጀርስ ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1923 ዓ.ም. የተከበረውን የዘውድ በዓል ለሌላ ጋዜጣ ዘግበው ነበር። አሁን ደግሞ ጦርነቱን ተከታትለው፣ ንጉሠ ነገሥቱንም አነጋግረው ጻፉ። በእነዚያ ወራት የ«ኩሪየር» ስርጭት ጎልቶ አደገ። በጋዜጦቹ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ መወረር ዜና በደቡብ ከሚፈጸመው የመንጋ ግድያ ዜና ጎን ለጎን ይወጣ ነበር፤ አምደኞችም ሁለቱን የአንድ በደል ሁለት ገጽታ አድርገው ተነተኑ። በኢትዮጵያ ሊዘምቱ የፈለጉ በጎ ፈቃደኞች በየከተማው ቢመዘገቡም የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር ጦር መሰለፍ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስጠነቀቀ። መዝመት ለታገደው ሕዝብ ጋዜጣው አንዱ የትግል ሜዳ ሆነለት።

የወሎው ልጅና «የኢትዮጵያ ድምፅ»

ዶክተር መላኩ በያን በ1900 እ.ኤ.አ. በወሎ ተወለዱ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ በመሆናቸው በቤተ መንግሥት አድገው ለትምህርት መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ተላኩ። በኦሃዮ ግዛት ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዋሽንግተን በሚገኘው በጥቁሮቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሃድሊንም አገቡ። በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከኢትዮጵያ የሚመጣ ባለሥልጣን ይንቀናል ብለው ይጠረጥሩ ስለነበር የመላኩ የትምህርትና የትዳር ምርጫ ትልቅ ፖለቲካዊ ትርጉም ነበረው። ለኋላው ሥራቸው መሠረት የሆነውም በዚህ የተገኘው መተማመን ነው።

ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል አገራቸው ተመልሰው በሐኪምነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. የእርሳቸው መልእክተኛ ሆነው ኒው ዮርክ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወር የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ ልሳኑም «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣ ሆነ። ጋዜጣው የአርበኞችን ትግል ያስተዋውቃል፤ ለስደተኞች እርዳታ ይጠይቃል፤ በአሜሪካና በካሪቢያን የሚመሠረቱትን የፌዴሬሽኑን ቅርንጫፎች ያስተሳስራል። በ1938 እ.ኤ.አ. በጃማይካ ኪንግስተን የተከፈተው ቅርንጫፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። በኋላ ዘመን ለፌዴሬሽኑ አባላት በሻሸመኔ የተሰጠው መሬትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

የዚህ ጋዜጣ ልዩነት ከአዘጋጆቹ ማንነት ይጀምራል። «ኩሪየር»ና «ዲፌንደር» ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ከውጭ ሆነው ነው፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» ግን ኢትዮጵያዊ ከጥቁር አሜሪካዊት ባለቤቱና በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ከሆነው ከሃርለም ወዳጆቹ ጋር ያዘጋጁት ነበር። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በነበረችባቸው ዓመታት የነጻይቱ ኢትዮጵያ ቃል በእንግሊዝኛ እየታተመ ለጥቁሩ ዓለም ደረሰ። መላኩ ነጻነትን ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. በሳንባ ምች በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። አዲስ አበባ ነጻ የወጣችው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

ጋዜጦቹ እንደ ታሪክ ምንጭ

እነዚህን ጋዜጦች መጠቀም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኢትዮጵያን ድል የማየት ጉጉት ስለነበራቸው ከግንባር የሚመጣውን ወሬ አንዳንድ ጊዜ አጋንነዋል። የአገሪቱን የውስጥ ችግር፣ በተለይም የባርነትን ጉዳይ፣ የኢጣሊያን ፕሮፓጋንዳ ላለማገዝ ሲሉ ያለዘቡበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የወታደር ቁጥርና የውጊያ ውጤት ከእነርሱ ብቻ ሊወሰድ አይገባም፤ ከጣሊያን ሰነዶች፣ ከአማርኛ ማስታወሻዎችና ከወሎ አዛውንት ቃል ጋር መመሳከር አለበት።

ዋጋቸው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአውሮፓ ጋዜጦች ጦርነቱን በዋናነት የኃያላን መንግሥታት የፖለቲካ ጉዳይ አድርገው ሲያዩት እነዚህ ጋዜጦች ተጠቂውን ሕዝብ ማዕከል አደረጉ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ዝምታ በአሜሪካ ደቡብ ከሚታየው የፍርድ ቤት ዝምታ ጋር አንድ መሆኑን አንባቢያቸው እንዲያይ አደረጉ። ይህ ንባብ ትክክል ነበር። ዊልያም ስኮትና ጆሴፍ ሃሪስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ጥናቶች ይህን የአሜሪካውን ወገን በሚገባ አሳይተዋል፤ የወሎው ወገን ግን በወሎ ልጆች መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

ደሴ በ1928 ዓ.ም. የተጎዳችው ብቻዋን ቢሆንም የተቆረቆረላት ግን ሰፊ ሕዝብ ነበር። ያ ሕዝብ መቆርቆሩን በጋዜጣ አስፍሯል፤ የባርኔት ወረቀቶችም እስከ ዛሬ በቺካጎ ተጠብቀው ይገኛሉ። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ የሚያስተምረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእነዚህን ጋዜጦችና ደብዳቤዎች ቅጂ ቢያሰባስብ፣ ስለ ደሴ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ቢያስተረጉም፣ የታሪክ ተማሪዎቹንም በዚህ ርዕስ ላይ ቢያሠማራ ለአገር ታሪክ ትልቅ ውለታ ይሆናል። የዶክተር መላኩ በያን ስም በሃርለም ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀውን ያህል በትውልድ አገራቸው በወሎም መታወቅ ይገባዋል።