የሳቹሬሽን ቁጥር ከየት መጣ?

«ሳቹሬሽን ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደምንጠይቅ ቆጥሬ አላውቅም። ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር 94 ካለች፣ በቃ 94 ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ፍርዷን ይግባኝ ሳልል ነው የሠራሁት።

በ2013 ዓ.ም. አንድ የኮቪድ ማዕከል ተመድቤ ነበር። ኦክስጅን በሊትር እየተቆጠረ ነው የሚታደለው። አንዲት እናት በደቂቃ 5 ሊትር ላይ ሆነው 94 አነበቡ፤ ለሌላ ታካሚ እንዲተርፍ ብዬ ወደ 2 ዝቅ አደረግሁት። ተረኛዋ ሲስተር «ዶክተር፣ አተነፋፈሳቸው አላማረኝም» አለችኝ። «ቁጥሩ እኮ ጥሩ ነው» ብያት አለፍኩ። የደም ጋዝ መመርመሪያው ካርትሬጅ አልቆበት ስለነበር ማረጋገጥም አልቻልንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ሲስተሯ ሳትጠይቀኝ 5 ላይ መልሳዋለች። ተቆጣኋት። እኚያ እናት ድነው ወጡ፤ የዚያን ሌሊት ትክክል የነበረው ማን እንደሆነ ግን ዛሬም ማስረጃ የለኝም። የመሣሪያዋን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩ የሚነሳው ከሕመምተኛ ሳይሆን ከአውሮፕላን አብራሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው ግሌን ሚሊካን ከፍታ ላይ ኦክስጅን የሚያጥራቸውን አብራሪዎች ለመከታተል፣ በጆሮ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ «ኦክሲሜትር» አለው። ችግሩ ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቆዳውም ሥጋውም የድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ይህንን የፈታው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ ነው፤ የሚገርመው፣ ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው ያገኘው። በኒሆን ኮህደን ኩባንያ ውስጥ፣ ደም ሥር ውስጥ በተወጋ ቀለም ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ከጆሮ ላይ ለመለካት ይሞክር ነበር። የልብ ምት ግን መስመሩን እያወዛወዘ አስቸገረው። ይህንን ረብሻ ለማጥፋት ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃንን አመዛዝኖ አንዱን በሌላው ሰረዘው። ተሳካለት፤ ግን የደሙ ኦክስጅን ሲቀንስ ውዝዋዜው ተመልሶ ይመጣል! ያን ጊዜ ገባው፦ ሊጥለው የነበረው ረብሻ ራሱ መልስ ነው። ከምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው የአርተሪ ደም ነው፤ ቆዳና አጥንት አይመቱም። ኦክስጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን ቀዩን፣ የያዘው ደግሞ ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ስለሚውጥ፣ የሁለቱ ውዝዋዜ ሬሾ ሳቹሬሽንን ይናገራል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1974 ለሙያ ማኅበሩ አቀረበ። በ1980ዎቹ የአሜሪካው ኔልኮር ሳቹሬሽን ሲወርድ ድምፁም የሚወፍር መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ኦፐሬሽን ክፍል የገባ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። አዮያጊ ያረፈው በኤፕሪል 2020፣ ዓለም ሁሉ የእሱን ሥራ ለመግዛት በሚሻማበት ወር ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት የቆዳ ቀለም ለውጥ ማምጣት አልነበረበትም። ሜላኒን አይመታማ!

ነገር ግን ሬሾውን ወደ መቶኛ የሚቀይረው ንጹሕ ፊዚክስ አይደለም፤ ሠንጠረዥ ነው። ሬሾው 1 ሲሆን መሣሪያዋ 85 ገደማ ታነባለች። ለምን 85? ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ ከአርተሪያቸው ደም ተቀድቶ፣ ውጤቱ ከንባቡ ጋር ተጣምሮ ስለተመዘገበ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እነዚያ ፈቃደኞች እነማን ነበሩ የሚል ይሆናል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው መመሪያ እንኳ የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰው፣ ከእነሱም ሁለቱ ወይም 15 በመቶው ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ነው። ሁለት ሰው!

አልታወቀም ነበር እንዳይባል፣ ጁብራንና ቶቢን በ1990፣ ቢክለርና ባልደረቦቹ በ2005 ጽፈውታል። ሰሚ የተገኘው ግን በዲሴምበር 2020 ነው፤ ያውም እኔ በዚያ ማዕከል ተመድቤ በምሠራበት ዓመት። የሚሺጋኑ ሾዲንግና ባልደረቦቹ ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 ያነበበባቸውን ጊዜያት ከደም ጋዝ ጋር አስተያዩ። እውነተኛው ሳቹሬሽን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ነበር። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ የመሣሪያዋ አምፖሎች አንድ የጠራ የሞገድ ርዝመት ብቻ አለማውጣታቸው ነው፤ ሜላኒን አጭሩን ሞገድ ይበልጥ ስለሚያስቀር፣ ወደ ደሙ የሚደርሰው ቀይ ብርሃን ሠንጠረዡ የተሠራበት ብርሃን አይሆንም።

መሣሪያዋን ላጣጥል አይደለም። ያለእሷ ምን እንደነበርን እናውቃለን። ተማሪ ሳለን ምላስና ከንፈር እያየን ሰማያዊ መሆን አለመሆኑን እንገምት ነበር፤ ደሙ ያነሰው ሕመምተኛ ደግሞ ኦክስጅን አጥሮትም ሰማያዊ አይሆንም። የቱን ያህል እንዳለፈን እግዜር ይወቀው። ላይፍቦክስ ከ2011 ጀምሮ ኦክሲሜትር ለሌላቸው የኦፐሬሽን ክፍሎች ማከፋፈሉ ትልቅ ሥራ ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም በ2025 ባወጣው ረቂቅ የተሳታፊውን ቁጥር ወደ 150 ከፍ ለማድረግ ሐሳብ አቅርቧል። እኛ ዋርድ ያሉት ግን አሁንም የድሮዎቹ ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ራውንድ ላይ አንድ ኢንተርን «94 ነው ዶክተር» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሊያልፍ ሲል አስቆምኩትና ሰዓቱን ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽ እንዲቆጥር አደረግሁት። 38 ቆጠረ።