የድሃ ምልክት

አሜሪካ ደርሰው የሚመለሱ ወዳጆቼ «እዚያ አገር እኮ ድሃውን መንግሥት ይጦረዋል» ይሉኛል። ሐሰት አይደለም። የእርዳታውን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት ግን ከልግስናው ይልቅ ምርመራው የበዛበት ሆነብኝ።

ነገሩ የሚጀምረው አገሪቱ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ነው። ሰፋሪዎቹ ይዘውት የመጡት የ1601 የድሆች ሕግ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ችግረኛ እንዲረዳ ያዝዛል። የእርዳታው ዋጋ ግን ውርደት ነበር። በፔንሲልቫኒያ በ1718 የወጣ ሕግ ተረጂው ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ የተቆረጠ የ«ፒ» ፊደል፣ የድህነቱን ምልክት፣ በቀኝ እጅጌው ላይ እንዲሰፋ ያስገድድ ነበር። በኒው ኢንግላንድ ከተሞች ደግሞ ድሃው ለጨረታ ይቀርባል፤ አሸናፊው ከከተማው ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ተቀብሎ አኖረዋለሁ ያለው ነው። በዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚበላ አንባቢ ይገምት።

የፌዴራሉ መንግሥትስ? በ1854 ለድሆች የአእምሮ ሕሙማን መርጃ መሬት እንዲመደብ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ፣ ምጽዋት የፌዴራል መንግሥት ሥራ አይደለም ብለው ውድቅ አደረጉት። ይህ አቋም የተናጋው በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ሥራ ካሳጣ በኋላ ነው። ሩዝቬልት በ1935 የፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ለአረጋውያን ጡረታ፣ ለሥራ አጡ መድን፣ ጧሪ ላጡ ልጆች ድጎማ አመጣ። ሆኖም የእርሻና የቤት ሠራተኞች ከጡረታውና ከመድኑ ውጪ ተደረጉ፤ አብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ላይ ነበር።

በ1960ዎቹ በጆንሰን ዘመን የምግብ ኩፖን ሕግና ሜዲኬይድ የተባለው የድሆች ሕክምና መጡ። በ1996 ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ግን ለቤተሰብ የሚሰጠውን የፌዴራል የገንዘብ ድጎማ በዕድሜ ልክ 5 ዓመት ገደበው፤ ሥራንም ግዴታ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የገቡ ብዙ ሕጋዊ መጤዎች ለአብዛኛው እርዳታ 5 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው፤ በዲቪ የሄዱ ወገኖቻችንም ከዚህ አላመለጡም።

ፊደሏ ከእጅጌ ላይ ከወለቀች ቆይታለች። ጥያቄዋ ግን አልወለቀችም፤ «ርቦታል ወይ?» ከመባሉ በፊት «ይገባዋል ወይ?» ይባላል። እኛ ለማኙን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ቃል ሆድ አይሞላም። ግን ሕግ የሚጽፍ ሰው ከዚህች ቃል ቢጀምር፣ የሚጽፈው ሕግ ሌላ ይሆን ነበር እላለሁ።