ጂተር፦ የምት ዝንፈት

በርበሬ ሲወቀጥ ያየ ሰው ይህን ቃል ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ መሃል አድርገው ዘነዘናቸውን በየተራ ያሳርፋሉ፤ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ትጥላለች። ዝግ ቢሉ ችግር የለም፤ አብረው ዝግ ይላሉ። ቢፈጥኑም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው በርበሬው አስነጥሷት አንደኛዋ ለቅጽበት ምቷን ስትስት ነው። ያን ጊዜ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል።

በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚቆርጥ ማሽን፣ ማለትም ሲኤንሲ ላይ፣ ኮምፒውተሩና በእርምጃ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር እንዲህ ባለ ሙቀጫ ግራና ቀኝ የቆሙ ናቸው። ኮምፒውተሩ በሽቦ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ሞተሩ ለእያንዳንዱ ምት አንዲት ትንሽ እርምጃ ይዞራል። ምቶቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት መድረስ አለባቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ከልኩ የወጣበት መጠን በሙያው ቋንቋ ጂተር ይባላል። ለዚህ ቃል የማቀርበው አማርኛ «የምት ዝንፈት» ነው።

ለምን ዝንፈት? ሌሎች እጩዎችም ነበሩ። «መንቀጥቀጥ» የባዕዱን ቃል ፍቺ በቀጥታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ማሽን ቤት ውስጥ መንቀጥቀጥ ሌላ በሽታ ነው፤ መቁረጫው ሲዶለዱም ወይም ዕቃው በደንብ ሳይታሰር ሲቀር የሚመጣው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ባለሙያው ኮምፒውተሩን ትቶ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። «መዋዠቅ»ን የኤሌክትሪክ ኃይልና የገበያ ዋጋ ቀድመው ወስደውታል፤ ደግሞም ትልቅ መውጣትና መውረድን ያስባል፣ እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። «ዛነፈ» ለዚሁ የተሰፋ ይመስላል። «ዝንፍ ሳይል» ስንል ከልኩ ወይም ከሰዓቱ በጥቂቱ እንኳ ሳይወጣ ማለታችን ነው፤ ትንሽነቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ተወልዷል። እርግጥ ፖለቲከኞች «የትርክት ዝንፈት» እያሉ ቃሉን አክብደውታል። ወደ ወርክሾፕ ብንመልሰው አይከፋውም። «ምቱ ዛነፈ»፣ «የዚህ ኮምፒውተር ዝንፈቱ ስንት ነው?» ብሎ መናገርም ምላስ አያሳስርም።

ከ«መዘግየት» ጋር ግን አይምታታ። መዘግየት የሌተንሲ አቻ ነው፤ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም። ምቱ ሁሉ እኩል 10 ማይክሮሰከንድ ቢዘገይ ሞተሩ ሥራውን 10 ማይክሮሰከንድ አርፍዶ ይጀምራል፣ በቃ። የሚጎዳው አንዱ 2 ሌላው 60 ሲዘገይ ነው።

በቁጥር እንየው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚዞረው በ200 እርምጃ ነው። ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት ከከፈለው 1,600 ምት ይሆናል። ጠረጴዛውን የሚገፋው ባለጥርስ ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ለ1 ሚሊሜትር 320 ምት ያስፈልጋል። ጠረጴዛው በደቂቃ 2,400 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 40 ሚሊሜትር እንዲጓዝ ከፈለግን ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ 12,800 ምት ይላክ ዘንድ ግድ ነው። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 78 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ዝንፈቱ 5 ማይክሮሰከንድ ቢሆን ሞተሩ ከምንም አይቆጥረውም። 40 ሲሆን ግን ለቅጽበት «ፍጥነትህን በእጥፍ ጨምር» ተብሎ የታዘዘ ያህል ነው። አይችልም። ያጉረመርማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ እርምጃ ይስታል። የከፋው ደግሞ መሳቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግርለት የለም። ተራ ስቴፐር ሞተር የት እንደደረሰ መልሶ አይናገርም፤ ኮምፒውተሩ ትእዛዜ ተፈጽሟል ብሎ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ሁሉ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ይወጣል።

የእንጨት ሥራ ያለው አንድ ወዳጄ በር ላይ ሐረግ የሚቀርጽበት ማሽን አለው። አሮጌውን ዴስክቶፕ አንስቶ ለጌም የተሠራ ኃይለኛ ኮምፒውተር፣ ምቱ የሚወጣበትን የፓራለል ፖርት ካርድ ጨምሮበት፣ ገጠመለት። በሳምንቱ ደወለልኝ። «ይሄ አዲሱ ከአሮጌው ባሰ፤ ተሸወድኩ እንዴ?» አልተሸወደም። ኮምፒውተሩ የተባለውን ያህል ፈጣን ነበር። ፈጣን መሆንና ሰዓት አክባሪ መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

የዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራው በአማካይ ብዙ ሥራ እንዲጨርስና ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲበላ ነው። ሥራ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ያንቀላፋል፤ ሲጠሩት እስኪነቃ ጊዜ ይወስዳል። ፍጥነቱን እንደ ሥራው ብዛት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ሜሞሪ ይሻማል። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ደግሞ ሙቀትና ማራገቢያ ለመቆጣጠር ብሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳያውቅ ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት ይነጥቃል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሁሉ አይታይም። ለሞተሩ ግን እያንዳንዱ ማስነጠስ ነው።

ደግነቱ ይለካል። ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ ዘሩ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ከተሠራ የማሽን መቆጣጠሪያ የሚመዘዝ፣ ሌተንሲ ቴስት የሚል መለኪያ ይዞ ይመጣል። ስሙ መዘግየት ይበል እንጂ ዓይን የሚያርፈው ከፍተኛ ጂተር ከሚለው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ በናኖሰከንድ ነው፤ በ1,000 ሲካፈል ማይክሮሰከንድ ይሆናል። የሶፍትዌሩ መመሪያ እንደሚለው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ምት እንዲልክ ከተፈለገ ከ15 እስከ 20 ማይክሮሰከንድ በታች ያማረ ነው፤ ከ30 እስከ 50 ያሠራል፣ ፍጥነት ግን ይቀንሳል፤ ከ100 በላይ የሆነውን ለዚህ ሥራ አታስቡት። ከ1 ሚሊሰከንድ ካለፈ ደግሞ ለዚህ ሶፍትዌር በምንም መልኩ አይሆንም።

ስትለኩ ኮምፒውተሩን አታሳርፉት። ብዙ ሰው መለኪያውን ከፍቶ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና ባማረው ቁጥር ይደሰታል። መለኪያው እየሠራ ትልቅ ፋይል ቅዱ፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ መስኮቶችን ጎትቱ፣ ኢንተርኔት ግቡ። የምትፈልጉት አማካዩን ሳይሆን በጣም መጥፎውን ነው። ሞተሩ እርምጃ የሚስተው በአንዲት ክፉ ምት ነውና፣ 999,999 ጥሩ ምቶች አያድኑትም።

ቁጥሩ ከበዛ ቀጥሎ ያለው ሥራ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ፣ ባዮስ ውስጥ ነው። የኃይል ቁጠባውን ሁሉ ዝጉ፤ የፕሮሰሰሩን ማንቀላፊያ፣ ፍጥነት የሚቀያይረውን፣ አንዱን ኮር ሁለት የሚያስመስለውን ሃይፐር ትሬዲንግ። አንድ በአንድ ዝጉና በየመሃሉ ለኩ፤ አለዚያ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። የተለየ ግራፊክስ ካርድ መግጠምም ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሊኑክስ ላይ አንዱን ኮር ከሌላ ሥራ ነጥሎ ለምት ብቻ መስጠት ይቻላል። ላፕቶፕ ግን ይቅርባችሁ። ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ ቁጠባውን ሁሉ ማጥፋት አይፈቅድም። ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድም ለፕሪንተር እንጂ ለምት አልተሠራም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ዊንዶውስ ላይ ማክ3 የተባለውን የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ደግሞ የፓራለል ፖርት ድራይቨሩ በባለ64 ቢት ዊንዶውስ እንደማይሠራ አስቀድማችሁ እወቁ። አሮጌ ባለ32 ቢት ኮምፒውተሮች በየማሽኑ ሥር ዛሬም ተደብቀው የሚኖሩት ለዚህ ነው።

ሌላው መውጫ ምቱን ከኮምፒውተሩ እጅ መቀማት ነው። አርዱዊኖ በተባለው ትንሽ ቦርድ ላይ የሚጫነው ጂአርቢኤል የሚባል ሶፍትዌር በ16 ሜጋኸርዝ በሚሠራ ባለ8 ቢት ቺፕ እስከ 30,000 ምት በሰከንድ ዝንፍ ሳይል ይልካል። ፍጥነቱ ከወዳጄ የጌም ኮምፒውተር ጋር ለንጽጽር አይቀርብም፤ ግን ሌላ ሥራ የለበትም፣ ማንም አይጠራውም። በኔትወርክ ገመድ የሚገናኙ የምት ቦርዶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ ኮምፒውተሩ መንገዱን ብቻ ያሰላል፣ ዘነዘናውን የሚይዘው ቦርዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማሽን በተንገጫገጨ ቁጥር የምት ዝንፈት ነው አይባልም። ጎበጥ ሰርጎድ ያለ ቅርጽ ስትሠሩ የዲዛይን ሶፍትዌሩ ኩርባውን በሺዎች ወደሚቆጠሩ አጫጭር መስመሮች ይከትፈዋል። መስመሩ 0.05 ሚሊሜትር፣ ጉዞው በሰከንድ 50 ሚሊሜትር ከሆነ ለማሽኑ በየሰከንዱ 1,000 የትእዛዝ (የጂ ኮድ) መስመር መድረስ አለበት። ጂአርቢኤል በ115,200 ባውድ የሚቀበለው በሰከንድ 11,520 ፊደል ነው፤ አንዱ መስመር 24 ፊደል ቢሆን 480 መስመር ብቻ ማለት ነው። ማሽኑ ቀጣዩን ትእዛዝ እየጠበቀ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ይህ የትእዛዝ ረሃብ እንጂ ዝንፈት አይደለም። መድኃኒቱም የዲዛይን ሶፍትዌሩ መስመሮቹን እንዲያስረዝም መፍቀድ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ ላይ መስመሮቹ ሳይዘገዩ መግባታቸውን እያያችሁ ማሽኑ በየማዕዘኑ የሚያመነታ ከሆነ ደግሞ ጂ64 ፒ0.05 ብላችሁ ከመንገዱ እስከ 0.05 ሚሊሜትር እንዲያጠጋጋ ፍቀዱለት። መለያው ቀላል ነው፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚንገጫገጭ ከሆነ ፕሮግራሙን ጠርጥሩ፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ ዝንፈትን፣ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነትን ወይም የላላ ማያያዣን።

የወዳጄ ማሽን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነበር። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ለካን። አዲሱ ከ180,000 ናኖሰከንድ በላይ አሳየ፤ ባዮሱን አስተካክለንም ከ90,000 አልወረደም። አቧራ የጠጣው አሮጌው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከ11,000 አላለፈም። አዲሱ ወደ ቢሮ ገብቶ ዲዛይን ይሠራበታል። አሮጌው ወደ ማሽኑ ተመለሰ፤ ወዳጄም ሳጥኑ ላይ ፕላስተር ለጥፎ በማርከር ጻፈበት፦ «የምት ዝንፈት 11,000። ማንም እንዳይነካ።»