ቶማሃውክ ለመንገደኛ የሚበጅ መሣሪያ ነበርን?

ቶማሃውክ የሚለው ስም ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው የጦር መሣሪያ ነው። በሲኒማ የምናየው፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተዋጊ ይህን ትንሽ ፋስ ወርውሮ በጠላቱ ላይ ሲያሳርፍ ነው። ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ፋስ አሠርተው የሚሸጡ ነጋዴዎች፣ በጫካ የጠፋ ሰው ነፍሱን የሚያድንበት ዕቃ ነው እያሉ ያወድሱታል። ሁለቱም አነጋገሮች በታሪክ ሲመረመሩ ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በዚያ ደን የኖሩና የተጓዙ ሰዎች የተዉልንን ማስረጃ ተመልክቶ፣ ቶማሃውክ ለመንገደኛው ከሸክሙ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጠው እንደ ነበረ መመዘን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ቃሉ የተገኘው በዛሬዋ ቨርጂኒያ ጠረፍ ይኖር የነበረው የፓውሃታን ሕዝብ ይናገረው ከነበረው፣ ከአልጎንኪን ልሳኖች ወገን ከሆነው ቋንቋ ነው። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከአገሬው አፍ ሰምተው ጻፉት። የቃሉ ሥር መቁረጥን የሚያመለክት ነው፤ በስሙ ውስጥ ጦርነት የለም። ብረት ከመምጣቱ በፊት ስለቱ ድንጋይ ነበረ፤ በድንጋይ ስለት ትልቅ ዛፍ መጣል እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፣ ሰዎቹ ከግንዱ ሥር እሳት አንድደው፣ የከሰለውን እየፋቁ፣ እንደገና እያነደዱ ይጥሉት ነበር። አንባቢ ይህን የእሳት ዘዴ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

ፈረንሳዮች፣ ሆላንዶችና እንግሊዞች የብረት ፋስ አምጥተው በቢቨር ቆዳ መለወጥ በጀመሩ ጊዜ አገሬው ዕቃውን በብርቱ የፈለገው ለውጊያ ብቻ አልነበረም። በብዙዎቹ ሕዝቦች ዘንድ የማገዶ ሥራ የሴቶች ድርሻ ስለ ነበረ፣ የብረቱ ፋስ ከጦረኛው መታጠቂያ ይልቅ በእናቱ እጅ ብዙ ይሠራ ነበር። ጦርነትን ብቻ የሚጽፉ ደራሲዎች ይህን ዘወትር ይዘነጉታል።

የአሠራሩ ነገር ለጥያቄያችን ዋና ነው። አንጥረኛው ጠፍጣፋ ብረት ወስዶ በአንድ ዘንግ ላይ ያጥፈዋል፤ የታጠፈበት ቦታ የዛቢያው ቀዳዳ ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች አግሎ እየቀጠቀጠ ያጋጥማቸዋል፤ ጥሩ አንጥረኛ ከሆነም በመካከላቸው ለስለቱ የሚሆን ቀጭን አረብ ብረት ያስገባል። እንዲህ የተሠራ ቀዳዳ ክብ ወይም እንደ እንባ ጠብታ ሾጠጥ ያለ ነው። ዛቢያው እንደ ዶማ ዛቢያ ከላይ ገብቶ በወፍራሙ ጫፍ ይያዛል፤ ሽብልቅ አያሻውም። በመወርወር ወይም በማወዛወዝ ጊዜ ብረቱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ይሸሻልና ይብስ ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም። ዛቢያው ቢሰበር መንገደኛው ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ በቢላዋ አለስልሶ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፋሱን እንደገና ሊያቆመው ይችላል። ብረቱን ከዛቢያው አውልቆ በእጁ ቢይዘው ደግሞ ቆዳ መፋቂያ ይሆነዋል። አንጥረኛ በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አስተያየት ቶማሃውክን የሚያስመሰግነው ከሁሉ አስቀድሞ ይህ የዛቢያው አገባብ ነው።

ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በጀርባው የትንባሆ ጋን ያለበት፣ ዛቢያው እንደ ቧንቧ የተበሳ ዐይነት በጣም ተወደደ። የውል ስጦታና የክብር ዕቃ ሆኖ በታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው፤ ለእንጨት ሥራ ግን ባዶ የሆነ ዛቢያ ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አያስቸግርም።

ነጮቹ ሰፋሪዎችም ፋሱን ወሰዱት። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ጦርነት ጊዜ ሮበርት ሮጀርስ ለደን ዘማቾቹ በ1757 ባወጣው ደንብ፣ እያንዳንዱ ሰው በየማታው ቆጠራ ላይ ጠመንጃ፣ 60 ጥይትና ባሩድ፣ እንዲሁም ፋስ ይዞ እንዲቆም አዘዘ። በሐምሌ 1775 ደግሞ የአሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ጉባኤ ለሚሊሺያው የሚያሻውን ትጥቅ ሲዘረዝር፣ ጎራዴ ወይም ቶማሃውክ ብሎ አንዱን በአንዱ ምትክ አስቀመጠው። ሁለቱ ጽሑፎች በዐሳብ ይለያያሉ። ጉባኤው ቶማሃውክን ከጎራዴ ጋር ሲያስተካክለው እንደ መግደያ ቈጥሮታል፤ ከአንድ ጠመንጃ ጋር አንድ ፋስ ያዘዘው ሮጀርስ ግን ሰዎቹ በየጫካው እንደሚያድሩ ያውቅ ነበር።

ነገር ግን የሮጀርስ የራሱ ታሪክ ለፋሱ ወዳጆች የማይመች ምዕራፍ አለው። በጥቅምት 1759 ሮጀርስ የሴንት ፍራንሲስን የአቤናኪ መንደር ካቃጠለ በኋላ ጠላት ተከትሎት፣ ስንቁም አልቆ፣ ብዙ ሰዎቹ በመመለሻው መንገድ በረኃብ ሞቱ። እርሱ ከጥቂት ሰዎች ጋር በኮኔቲከት ወንዝ በግንድ ታንኳ ቁልቁል እየወረደ እርዳታ ሊያመጣ ሲጓዝ ታንኳው በፏፏቴ ጠፋ። ሁለተኛ ታንኳ ማበጀት ግዴታ ሆነ። በ1765 በሎንዶን ባሳተመው ማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ዛፎቹን መቁረጥ ስላልቻለ ከሥራቸው እያቃጠለ ጣላቸው፤ ከዚያም ግንዱን በሚፈልገው ልክ በእሳት ከፋፈለው። ጓደኞቹ በዚያ ጊዜ ሽኮኮና አንዲት ቆቅ ገድለው አመጡ። ፋስ ያልያዘ በቆጠራ አይቆምም ብሎ ያዘዘው አለቃ፣ በጭንቁ ሰዓት ከብረት በፊት ወደ ነበረው ወደ አገሬው የእሳት ዘዴ ተመለሰ ማለት ነው። ለተራበ ክንድ ትንሽ ፋስ ግንድ አይጥልለትም፤ እሳት ግን ሰውየው ተቀምጦም ቢሆን ይሠራል።

ሁለተኛው ምስክር ሜሪዌዘር ሉዊስ ነው። እርሱና ዊልያም ክላርክ የ1804ንና የ1805ን ክረምት በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ በማንዳን ሕዝብ አጠገብ ባሠሩት ምሽግ አሳለፉ። ስንቅ ሲያጥራቸው አንጥረኞቻቸው ለአገሬው የጦር ፋስ እየሠሩ በበቆሎ ለወጡ። ብረት ምን ያህል ውድ እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፤ ከተቃጠለ አሮጌ ምድጃ የተቆረጠ፣ ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቁራጭ ከ7 እስከ 8 ጋሎን በቆሎ ያወጣ ነበር። ሉዊስ በየካቲት 1805 ያን የጦር ፋስ ለክቶ ጻፈው። ብረቱ በጣም ስስ ሆኖ ርዝመቱ ከ18 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር፣ የስለቱ ስፋት ከ12 እስከ 15፣ ዛቢያው ከ36 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ጠቅላላ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። ከዚያም ይነቅፈዋል፤ ብረቱ ረዥም፣ ዛቢያው አጭር ስለ ሆነ ምቱ እርግጠኛ አይደለም፣ ኀይልም የለውም፤ በፈረስ ላይ ሆኖ ለሚዋጋ ደግሞ ይብስ አይመችም ይላል። ለጦርነት የተሠራ ፋስ ለጦርነት እንኳ ካልተመቸ፣ እንጨት ለመቁረጥ ምን ሊሆን ነው? በሌላ በኩል ግን የዘማቾቹን ሆድ ያን ክረምት የሞላው ይኸው የማይመች ፋስ መሆኑ ሊካድ አይገባም።

እንግዲህ ልዩነቱ በልኩ ላይ ነው። ዛፍ ለመጣል የተሠራው የአሜሪካ ምሳር ብረቱ ብቻ ከአንድ ኪሎ ተኩል የማያንስ፣ ዛቢያው እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጀርባውም ከስለቱ ጋር እንዲመዛዘን ወፍራም ተደርጎ የተሠራ ነው። ደኑን መንጥሮ እርሻ ያደረገው ይህ ምሳር ነው፤ ቶማሃውክ አይደለም። ትንሹ ፋስ ክንድ የሚያህል እንጨት ይቆርጣል፤ ማገዶ ይፈልጣል፤ የታደነ አውሬ አጥንት ይሰብራል፤ ካስማ ይቀርጻል። ከዚህ ያለፈ ሲጠየቅ ሠሪውን ያደክማል። አጭር ዛቢያ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ስለቱ እንጨቱን ስቶ ሲያልፍ ረዥሙ ምሳር መሬት ይመታል፣ አጭሩ ግን ወደ ሠሪው ጉልበት ይመጣል፤ ስለዚህ በአጭር ፋስ ሲቆርጡ ተንበርክኮ መሥራት ይሻላል። ሐኪም በሌለበት ስፍራ ይህ ጥንቃቄ ከስለቱ መሳል አያንስም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሳሙኤል ኸርን በ1772 የጻፈው ታሪክ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ኸርን በጥር ወር በካናዳ ሰሜን ሲጓዝ በበረዶው ላይ እንግዳ የሆነ ዱካ አይተው ተከተሉትና፣ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ብቻዋን የተቀመጠች የዶግሪብ ሴት አገኙ። ከማረኳት ሰዎች አምልጣ ሰባት ወር ያህል የሰው ፊት ሳታይ ኖራለች። በእጅዋ የነበረው ብረት፣ ከበርሜል ቀለበት የተቆረጠ ትንሽ ቢላዋና እንደ ወስፌ የምትሠራበት የፍላጻ ብረት ቁራጭ ብቻ ነበረ። ፋስ አልነበራትም። ዲን ያለባቸውን ሁለት ድንጋዮች እያጋጨች በብዙ ድካም እሳት አወጣች፤ ያንንም ክረምቱን በሙሉ ሳይጠፋ ጠበቀችው። ከጥንቸል ጅማት ወጥመድ ሠርታ ጥንቸል፣ ቆቅና ሽኮኮ ይዛ በላች፤ ከቆዳቸው ልብስ ሰፋች፤ በተረፋት ጊዜም የዓሣ መረብ እሠራለሁ ብላ የአኻያ ልጥ ትገምድ ነበር። ኸርን ሲያገኛት ጤናማና ያልከሳች ነበረች።

ይህች ሴት ቶማሃውክ ከንቱ ነው የሚለውን አታስረዳም፤ ብታገኝ ኖሮ ማገዶዋ በቀለላት ነበር። የምታስረዳው ቅደም ተከተሉን ነው። እሳት ማውጣትና ማቆየት፣ ወጥመድ ማወቅ፣ ትንሽ ቢላዋ፤ ፋስ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ነጋዴዎቹ በጭነቱ ራስ ላይ ያስቀመጡትን ዕቃ እኛ በአራተኛ ደረጃ እናስቀምጠዋለን፤ እርሱም ደን ባለበት አገር ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ወይም በረሓ የሚሸከመው ሰው ለጌጥ ይሸከመዋል።

በዚህ ደረጃ ከተቀበልነው ግን ክብደቱን የሚከፍል ዕቃ ነው። ምሳሌ የሚሆነን ሆሬስ ኬፋርት ነው፤ በሴንት ሉዊስ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበረ፣ ኋላም መጽሐፉን ትቶ ወደ ስሞኪ ተራሮች የገባ ሰው ነው (የቤተ መጻሕፍታችን ሹሞች ይህን አይከተሉ)። በ1906 መጀመሪያ ታትሞ ኋላም በሰፋው የጫካ ኑሮ መጽሐፉ፣ ከሚወዳቸው ዕቃዎች አንዱ ብረቱ 227 ግራም የሚመዝን ትንሽ ቶማሃውክ መሆኑን ይናገራል፤ ከዛቢያውና ከአፎቱ ጋር 340 ግራም ያህል ነው። በጀርባው ለሚሸከም እግረኛ ይህ ልክ ትክክል ይመስለናል። በቅሎ ወይም ታንኳ ያለው ግን ትልቁን ምሳር ይያዝ።

በ1966 ፒተር ላጋና የተባለ የቀድሞ የባሕር ኀይል ወታደር በቬትናም ለሚዋጉት አሜሪካውያን አዲስ ቶማሃውክ ማሠራት ጀመረ፤ እስከ 1970 ድረስ 4,000 የሚጠጉ ተሸጡ። የዚህ ዐይነት ጀርባ እንደ ጦር የሾለ ነው። ከ2001 በኋላም በአፍጋኒስታን የዘመቱ ወታደሮች ተመሳሳዩን ታጥቀዋል። ለወታደር ሹሉ በርና ሣጥን መስበሪያ ይሆናል። ለመንገደኛ ግን ካስማ የሚመታበትን ጠፍጣፋ ጀርባ ወስዶበት፣ በምትኩ ለራሱ ትከሻ የሚያሰጋ ሹል ሰጥቶታል፤ ስለቱን እንጨት ውስጥ አስገብቶ ጀርባውን በዱላ እየመታ መሰንጠቅም አይችልም። ዛቢያቸው ከፕላስቲክ ሆኖ በብሎን የታሰሩም አሉ፤ እነዚህ ቢሰበሩ በጫካ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አይገባባቸውም።